ጆሮው ለታመመ ልጅ አንቲባዮቲክ ዛሬውኑ ወይስ ሁለት ቀን ጠብቆ?

ጉንፋን የያዘው ልጅ ሌሊት ጆሮውን ይዞ እያለቀሰ ይነሳል። ጠዋት ሲመረመር የመሃል ጆሮ ኢንፌክሽን ይባላል። አንቲባዮቲክ ወዲያው ይጀመር ወይስ በማስታገሻ ብቻ ሁለት ሦስት ቀን ይታይ? በየቀኑ ልጆችን የሚያዩ አንድ ሐኪምና አንዲት ነርስ እዚህ ላይ አይስማሙም።

ሐኪሙ፦ ይጠበቅ

ልጅ ጆሮውን ሲያመው ቤተሰቡ ሁሉ ነው ሳይተኛ የሚያድረው። ስለዚህ "ይጠበቅ" ስል "ሕመሙን ይቻለው" ማለቴ አይደለም። ሕመሙ ከመጀመሪያው ሰዓት መታከም አለበት። ግን የሚያስታግሰው አንቲባዮቲክ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የወሰደውም ያልወሰደውም ልጅ በሕመም ብዙም አይለያዩም። ያንን ሌሊት የሚያሳርፈው በክብደቱ ልክ የተሰጠ ፓራሲታሞል ወይም ኢቡፕሮፌን ነው።

ነገሩ ከጉንፋኑ ይጀምራል። አፍንጫንና ጆሮን የሚያገናኘው ቱቦ በልጆች ላይ አጭርና ጋደም ያለ ነው። ጉንፋን ሲይዛቸው ቶሎ ይደፈናል፣ ከውስጥ ፈሳሽ ይቋጠራል። አብዛኞቹ ልጆች በሦስት ቀን ውስጥ ያለ አንቲባዮቲክ ሕመሙ ይለቃቸዋል። የኔዘርላንድስ የቤተሰብ ሐኪሞች ለአሥርት ዓመታት በዚሁ መንገድ ሲያክሙ ኖረዋል። ለማይጠቅመው ልጅ ተቅማጥና ሽፍታ ለምን እንጨምርበታለን? ተህዋሲያኑንስ ለምን መድኃኒት እናላምዳለን?

ነርሷ፦ ዛሬውኑ ይጀመር

ዶክተር፣ "አብዛኞቹ" ያሉት ቃል ነው የሚያሳስበኝ። እኔ ፊት የሚቀመጠው አንድ ልጅ ነው።

ቁጥር ካነሳን፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በፊንላንድ የተሠራ ጥናት ከ6 እስከ 35 ወር ያሉ ሕፃናትን ብቻ ነው ያየው። ምርመራውም ጥብቅ ነበር። አሞክሲሲሊን ከክላቩላኔት ጋር የተባለውን አንቲባዮቲክ ከወሰዱት ውስጥ ሕክምናው ያልሠራላቸው 18.6 በመቶ ናቸው። ማስመሰያ መድኃኒት ከተሰጣቸው ደግሞ 44.9 በመቶ። ይህ ትንሽ ልዩነት ነው?

ሌላም አለ። "ካልተሻለው በሁለት ቀን ይምጡ" ማለት ቀላል ነው። መምጣቱ ግን ለሁሉም ቀላል አይደለም። ሥራ አለ፣ መንገድ አለ፣ ሌሎች ልጆች አሉ። ከጆሮው ጀርባ አብጦ፣ ጆሮው ወደ ፊት ተገፍቶ የሚመጣ ልጅ ብዙ አይደለም። ኢንፌክሽኑ አጥንት ውስጥ ገባ ማለት ነውና አንዴ ያየ ግን አይረሳውም።

ሐኪሙ

ሲስተር፣ ያሉት ጥናት እውነት ነው። ግን እዚያው ላይ ተቅማጥ የያዛቸውም ተቆጥረዋል። መድኃኒቱን ከወሰዱት 47.8 በመቶ፣ ካልወሰዱት 26.6 በመቶ። ይህም ለወላጅ መነገር አለበት።

ደግሞ ሁሉም ይጠብቅ አላልኩም። ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን አይጠብቅም። ትኩሳቱ 39 የደረሰ፣ ከጆሮው መግል የሚወርድ፣ ሕመሙ የከበደበትም እንዲሁ። ከሁለት ዓመት በታች ሆኖ ሁለቱም ጆሮ ከታመመም አልጠብቅም።

የእኔ ትልቁ ስጋት ግን ሌላ ነው፤ ጆሮውን ሳናይ ነው የምናዝዘው። ልጅ ሲያለቅስ የጆሮ ታምቡሩ ይቀላል። መቅላቱን ብቻ አይተን "ኢንፌክሽን" እንላለን። መታየት ያለበት ታምቡሩ ወደ ውጭ ማበጡ ነው። ኩክ ከከለለውስ? ምንም አላየንም ማለት ነው። ጉንፋን ካለፈ በኋላ ለሳምንታት የሚቆይ ፈሳሽም አለ። ያ ሕመምም ትኩሳትም የለው፣ አንቲባዮቲክም አይፈልግም። በግምት የተሰጠው ሽሮፕ ሁሉ ተደምሮ "ሠራለት" ይባላል። ልጁ ቀድሞውንም ያልነበረበትን በሽታ ነው የዳነው።

ነርሷ

እዚህ ላይ ልቤም አብሮዎት ነው። ግን ደጅ ላይ ሰልፉ አለ፣ ልጁ ይታገላል፣ የመመርመሪያው መብራት ደክሟል። እንዲያም ሆኖ ይቻላል። እናትየው ጭኗ ላይ በጎን ታስቀምጠዋለች። በአንድ እጇ ጭንቅላቱን ደረቷ ላይ ትደግፋለች፣ በሌላው ሁለት እጆቹን ትይዛለች። ጆሮውን ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሳብ ማድረግ ነው። ደቂቃ አይፈጅም። ይህን ለጀማሪዎች ማሳየት አይሰለቸኝም።

መጠበቁንም ቢሆን በአንድ መንገድ እቀበላለሁ። ማዘዣው ዛሬውኑ እናትየው እጅ ይግባ። "ከሁለት እስከ ሦስት ቀን ካልተሻለው ወይም ከባሰበት ይህን ጀምሪለት" ትባል። ዳግም ሰልፍ አያስፈልጋትም። ከጆሮው ጀርባ ካበጠ፣ አንገቱ ከደረቀ ወይም ካደነዘዘው ግን ማዘዣውን ትታ ያኔውኑ ይዛው ትምጣ። ይህ በቃል ብቻ ሳይሆን ተጽፎ ይሰጣት።

ሐኪሙ

በማዘዣው እስማማለሁ። እንዲያውም ብዙዎቹ ሳይገዙት ነው የሚቀሩት።

ነርሷ

እንግዲህ የቀረን አንድ ልጅ ነው። ዓመት ከመንፈቁ፣ የአንድ ጆሮው ታምቡር ያበጠ፣ ትኩሳቱ 38.5፣ ማስታገሻ ሲሰጠው የሚጫወት። እርስዎ ማዘዣ ሰጥተው ይጠብቁታል። እኔ ዛሬ ማታ የመጀመሪያውን መጠን እንዲወስድ ነው የምፈልገው።