ሃርነሱን ለብሷል፣ መንጠቆውስ የት ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ የሚሠራ ፎቅ አጠገብ ስታልፉ ቀና ብላችሁ እዩ። ድሮ ሄልሜት እንኳን ብርቅ ነበር፣ አሁን ትልልቆቹ ሳይቶች ላይ ሃርነስ (ትከሻና ጭን ላይ የሚታሰር የመውደቅ መከላከያ ቀበቶ) የለበሰ ሠራተኛ ማየት ጀምረናል፣ ደስ ይላል። ግን ከሃርነሱ ጋር የተያያዘውን ባለ መንጠቆ ገመድ በዓይናችሁ ተከተሉት። ወይ ወገቡ ላይ ተጠምጥሟል፣ ወይ ከኋላው ተንዘላዝሏል፣ ወይ ደግሞ ልጁ ራሱ የቆመበት ባህር ዛፍ ላይ ተሰክቷል። እንጨቱ ከሄደ እሱም አብሮ ነው የሚሄደው እኮ!

መስከረም 21 ቀን 2018 አረርቲ ማርያም የሆነውን ሁላችንም ሰምተናል፣ ለቤተክርስቲያኑ ግንባታ የቆመው የእንጨት ርብራብ ተደርምሶ ከ30 በላይ ሰው አለቀ። እነሱ ሠራተኞች አልነበሩም፣ ለበዓል የመጡ ምዕመናን ናቸው። ግን በሚስማር የተያያዘ እንጨት ላይ ምን ያህል መተማመን እንደሚቻል ከዚህ በላይ ማን ይንገረን?

የአሜሪካው የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት ኦሻ ለአንድ ሰው ሃርነስ የሚታሰርበት ነገር 5000 ፓውንድ፣ ማለትም ከ2.2 ቶን በላይ የሚችል ይሁን ይላል። የሚወድቅ ሰው ገመዱን የሚጎትተው በኪሎው ልክ ስላልሆነ ነው። ስለዚህ መታሰሪያው ኮለን (ምሰሶ) ወይም ቢም (አግዳሚ) ላይ፣ ወይም ሶሌታው (የወለሉ ኮንክሪት) ሲሞላ ታስቦበት የተቀበረ ብረት ላይ መሆን አለበት። ይሄን ደግሞ የቀን ሠራተኛው ከየት ያመጣዋል? ኢንጅነሩና ኮንትራክተሩ ናቸው የሚያዘጋጁት። ለዛ ነው «እኛ ሰጥተናቸዋል፣ እነሱ ናቸው የማይጠቀሙት» የሚለው መልስ የሰለቸኝ፣ መንጠቆ የሚገባበት ቦታ ሳያዘጋጁ ሃርነስ ማደል ለኢንስፔክሽን ቀን ፎቶ ነው እንጂ ሌላ ምንም አይደለም።

ከፍታውም ራሱ ሂሳብ አለው። የተለመደው ገመድ 1.8 ሜትር ነው፣ ጫፉ ላይ ያለው የምት መቀነሻ (ሾክ አብዞርበር) ሲዘረጋ 1 ሜትር አካባቢ ይጨምራል፣ ከሃርነሱ የጀርባ ቀለበት እስከ እግር ደግሞ 1.5 ሜትር ገደማ። ደምሩት፣ ከመታሰሪያው በታች ከ4 ሜትር በላይ ባዶ ቦታ ያስፈልጋል፣ መጠባበቂያ ሳንጨምር። 3 ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ እግሩ ስር ያሰረ ልጅ ገመዱ ሳይወጠር መሬት ይመታል። ከራሱ በላይ ቢያስር ግን ሌላ ነገር ነበር፣ ይሄን ለመንገር ደግሞ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የወገብ ቀበቶውንማ ተዉት፣ አሜሪካኖቹ ለመውደቅ መከላከያነት ከ1998 ጀምሮ ከልክለውታል፣ ምቱ በሙሉ ሆድና አከርካሪ ላይ ስለሚያርፍ። እኛ ጋ ግን አሁንም ወገቡን ብቻ አስሮ የሚወጣ አለ።

ገመዱ የያዘው ሰውም ገና አልዳነም። ዝም ብሎ ከተንጠለጠለ ደሙ እግሩ ላይ ይጠራቀምና በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ሊስት ይችላል፣ ስለዚህ ማን በምን እንደሚያወርደው ቀድሞ መታወቅ አለበት። አንዴ የወደቀ ሰው የያዘ ሃርነስም ይጣላል፣ ስቶር ተመልሶ ለሌላው አይሰጥም።

ከሃርነሱ በፊት ግን አጥር ነው። የሶሌታው ጠርዝና የሊፍቱ ጉድጓድ ጠንካራ መከለያ ቢኖራቸው ባሬላ ተሸክማ የምትመላለሰው ሴትዮ ቀበቶም አያስፈልጋት። እሷን ሃርነስ ልበሺ ማለት ራሱ ቀልድ ነው።

ህግ የለም እንዳትሉ፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 92 መከላከያ ማቅረብና ማሠልጠን የአሠሪው ግዴታ ነው ይላል። አዋጁ ሠራተኛውም እንዲጠቀም ያዝዛል። ግን ለሳኙ የሚከፈለው በካሬ ነው፣ መንጠቆ በፈታና ባሰረ ቁጥር ገቢው ይቀንሳል፣ በዛ ላይ «አልወጣም» ቢል በር ላይ ተሰልፎ የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለ። ስለዚህ እሱን መቆጣት ብዙ አያስኬድም።

እኔ ብጠየቅ ከጨረታው ነው የምጀምረው። አሁን ብዙ ጊዜ የደህንነት ወጪ ጠቅላላ ዋጋው ውስጥ ተደብቆ ስለሚገባ፣ አጥርና መታሰሪያ በደንብ ያሰበ ኮንትራክተር ይወደድና ይሸነፋል፣ ያላሰበው ያሸንፋል። በዋጋ ዝርዝሩ ላይ ለብቻው መስመር ይሰጠው፣ ዋጋውም ለሁሉም እኩል ተቆርጦ ይቀመጥ፣ ክፍያው ደግሞ አማካሪው መሃንዲስ ወጥቶ መታሰሪያውን በዓይኑ ካየ በኋላ ይለቀቅ።