መስካዲን ወይን ኪኒን አይተካም
እህቴ፣ «መስካዲን ሬስቬራትሮል የሚባል የዕፅዋት ንጥረ ነገር ስላለው ለልብ መድኃኒት ነው፤ እናቴም የግፊት ኪኒኗን ትታ እሱን ጀምራለች» ብለሽ ጽፈሻል። ይሄ ብዙ ሰው የሚያምነው ስህተት ነው።

መስካዲን የደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ የአገሬው የወይን ፍሬ ነው። ሬስቬራትሮል በልጣጩ ውስጥ አለ፤ ግን አንድ ሳህን ብትበዪ ከጥቂት ሚሊግራም በላይ አታገኚም። በሰው ላይ የተደረጉት ሙከራዎች ብዙ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊግራም ነው የሰጡት። እንደዚያም ሆኖ ውጤቱ የተምታታ ነው።

ወይኑ ጥሩ ነው፣ በጣም እወደዋለሁ። ወፍራሙ ልጣጩ ፋይበርና ኤላጂክ አሲድ የሚባል ሌላ የዕፅዋት ንጥረ ነገር አለው። የሚያሳዝነው፣ ብዙዎቻችን ውስጡን መጥጠን ልጣጩን እንተፋለን። አኝኩት፤ መጀመሪያ ይጎመዝዛል፣ ከዚያ ይለመዳል።

እናትሽ ግን ዛሬውኑ ሐኪማቸውን ያነጋግሩ፣ አደራ። ወይኑን ይብሉት፣ ግን በኪኒናቸው ምትክ አይሁን።