ስለ ቆሻሻ በአማርኛ የመጣ ደብዳቤ

ሲያትል በገባሁ በሁለተኛው ወር የፖስታ ሳጥኔን ስከፍት የከተማው ቆሻሻ የሚያነሳው መሥሪያ ቤት ወረቀት ልኮልኛል። ገለጥ ሳደርገው አማርኛ ነው! የምግብ ትራፊ አረንጓዴው በርሜል ውስጥ፣ ካርቶንና ጠርሙስ ሌላኛው ውስጥ፣ የሚነሳበት ቀን፣ የበርሜሉ መጠን ባነሰ ቁጥር ክፍያውም እንደሚያንስ፣ ሁሉም አለ። ደረጃው ላይ ቆሜ ሦስቴ አነበብኩት። አዲስ አበባ ሠላሳ ዓመት ስኖር ስለ ቆሻሻ በአማርኛ የተጻፈልኝ ነገር ቢኖር አጥር ላይ በከሰል «እዚህ የሚጥል ውሻ ነው» የሚለው ብቻ ነው።

የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ የባሰውን ነገረኝ። በፈረንጆቹ ከ2015 ጀምሮ የምግብ ትራፊ ከቆሻሻ ጋር ቀላቅሎ መጣል ተከለከለ። ቆሻሻ የሚያነሱት ሰዎች በርሜሉን አየት አድርገው የተቀላቀለ ካገኙ ቀይ ወረቀት ይለጥፉ ነበር፤ ቅጣቱም ለአንድ ቤት አንድ ዶላር እንዲሆን ታሰበ። አንድ ዶላር! ነዋሪዎች «ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ቆሻሻችንን ለምን ታያላችሁ» ብለው ከተማውን ከሰሱ። በ2016 ረቱ። እኔ በሳቅ ሞትኩ። ለካ ቆሻሻም ገመና ነው።

ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም። በዚያው በ2016 እኛ ጋ ምን ነበር? ሰንዳፋ። አዲሱ የቆሻሻ መጣያ ተከፈተ፣ የአካባቢው ገበሬዎች ሽታውና ውሃው ጨረሰን ብለው ተቃወሙ፣ ዓመት ሳይሞላው ተዘጋ። ሰንዳፋ የሚባል መጣያ መኖሩን እኔ ያወቅሁት በዚያ ክረምት የሰፈራችን ቆሻሻ ሳይነሳ ሰንብቶ በር ላይ ሲቆለል ነው። ከዚያ መኪኖቹ ወደ አሮጌው መጣያ፣ ወደ ቆሼ ተመለሱ። ገበሬውን ቀድሞ ያናገረው ሰው ቢኖር፣ ቆሼ ሥር ቤት ሠርተው የሚኖሩትን «ሊመለስባችሁ ነው፣ ምን ትላላችሁ» ያላቸው ቢኖር እላለሁ። በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 2 ቀን 2009፣ ቅዳሜ ማታ፣ ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ቀበረ።

እዚህ ሁሉም ማር ነው አልልም። አንዴ የቆሻሻ ክፍያ ጭማሪ ላይ ሕዝብ አስተያየት ሲሰጥ ልይ ብዬ ሄድኩ። አንድ ሽማግሌ ተነስተው ስለ በርሜል ክዳን ጩኸት አወሩ። ጭማሪው ላይ አንዲት ቃል አልተናገሩም። ግን ሁለት ደቂቃቸው ተሰጠቻቸው፣ የተናገሩትም ተመዘገበ። ቁጥሩ ደግሞ ገና ሳይጸድቅ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ መኪናው ስንት፣ ሠራተኛው ስንት፣ ቆሻሻው በባቡር ኦሪገን ድረስ ሄዶ የሚቀበርበት ስንት። እኛ ጋ ክፍያው ከውሃ ቢል ጋር ተደርቦ ሲመጣ ነው የምናውቀው። ስብሰባ ሲኖርም ስሙ «ግንዛቤ ማስጨበጫ» ነው። ሁሌ እኛ ነን የምንጨብጠው። የእኛን ግንዛቤ የሚጨብጥ አንድም ኃላፊ አላየሁም፤ አስተያየት የሚባለው ነገር የሚመጣው ሰዉ ዓይኑን ለስላሳው ላይ ከጣለ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ ያስለፈለፈኝ ግን የእማዬ ነገር ነው። ባለፈው ስደውልላት ገንዳ አምጥተው በራችን ላይ አስቀምጠዋል። ልክ በራችን ላይ! ውሻው፣ ዝንቡ፣ ማታ ማታ ደግሞ የሚያጨሱት ጭስ። ወረዳ ሄዳ ብትጠይቅ «ሕዝቡ ተወያይቶበታል» አሏት።

«መቼ?» ብላቸው ዝም አሉኝ፤ እኔ ሕዝብ አይደለሁም እንዴ አለችኝ።

ላጽናናት ብዬ ሳይሆን ወሬ ለመቀየር የአማርኛውን ደብዳቤ ነገር አነሳሁባት። አላመነችኝም። አንብብልኝ አለች። ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት፣ ስለ በርሜሉ፣ ስለ ካርቶኑ፣ ሐሙስ ሐሙስ ስለሚመጣው መኪና። ጸጥ ብላ ሰማችኝ።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

«የእኛን ገንዳ መቼ ያነሱታል ይላል?»