ልጆቹ አይደሉም «ሌላ አንፈልግም» ያሉት፦ ስለ አኒሜሽን ፊልሞች ክፍል ሁለት፣ ሦስት፣ አራት

ደሴ ፒያሳም ይሁን ኮምቦልቻ ወይ ወልድያ፣ ለልጆቹ ፊልም ሊያስጭን ፍላሽ ይዞ የገባ ወላጅ የሚሰማው ቁጥር ብቻ ነው። የዚህ ሁለተኛው፣ የዚያ ሦስተኛው፣ የዚያኛው አራተኛው። አዲስ ታሪክ ሲጠይቅ የሚያሳየው የለም። ከዚያ የሚከተለው አስተያየት ሁሌም ያው ነው፤ «ፈረንጆቹ ሐሳብ አለቀባቸው» ወይም «ልጆቹ እኮ ናቸው ሌላ አንፈልግም የሚሉት»። ወላሂ ሁለቱም እውነት አይደሉም። ሁለተኛው ደግሞ ያንገበግባል፤ ጥፋቱን ከነጋዴው ትከሻ አንስቶ በስምንት ዓመት ልጅ ላይ ይጭነዋልና።

ሒሳቡን እናስቀምጠው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ትልልቆቹ የአሜሪካ ስቱዲዮዎች አንድ አኒሜሽን ፊልም ለመሥራት እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር ያወጣሉ። ማስታወቂያው በዚህ ውስጥ አይቆጠርም፤ እሱ ለብቻው ሌላ መቶ ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ሊበላ ይችላል። ከትኬት ሽያጭ ደግሞ በግምት ግማሹ እዚያው ሲኒማ ቤቱ ጋር ይቀራል። ቻይና ውስጥማ ለውጭ ስቱዲዮ የሚደርሰው ሩብ ያህል ነው። ስለዚህ የሙያው ሰዎች በደፈናው የማምረቻውን ወጪ በሁለት ተኩል ያባዛሉ፤ 200 ሚሊዮን የፈጀ ፊልም ኪሳራ ላይ እንዳይወድቅ 500 ሚሊዮን ያህል ትኬት መሸጥ አለበት ማለት ነው። ይህን ያህል ገንዘብ የሚያዝዝ ኃላፊ በመጀመሪያው ዓርብ ማን እንደሚመጣ አስቀድሞ ማወቅ ይፈልጋል። ሰው የሚያውቀው ስም ያን ዋስትና ይሰጠዋል፤ የማያውቀው ስም አይሰጠውም። የክፍል ሁለት ምሥጢር ይኸው ነው።

የዲዝኒ ንብረት የሆነው የአኒሜሽን ስቱዲዮ ፒክሳር በ2024 ክረምት መግቢያ ላይ ኢንሳይድ አውት 2ን አወጣ፤ በዓለም ዙሪያ ወደ 1.7 ቢሊዮን ዶላር ሰበሰበ። በዓመቱ፣ በዚያው ወቅት፣ ያው ስቱዲዮ ኤሊዮ የሚባል አዲስ ታሪክ አወጣ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት አሜሪካና ካናዳ ውስጥ 21 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም፤ በስቱዲዮው ታሪክ ዝቅተኛው መክፈቻ ሆነ። ወዲያው መደምደሚያው ተሰጠ፤ ተመልካቹ አዲስ ነገር አይፈልግም ተባለ።

ከዚያ በፊት የሆነውን ግን ማንም አያነሣም። ከ2020 እስከ 2022 ባለው ጊዜ ሶል፣ ሉካና ተርኒንግ ሬድ የተባሉ ሦስት አዳዲስ የፒክሳር ታሪኮች በዋናው የአሜሪካ ገበያ ሲኒማ ቤት ሳይገቡ በቀጥታ ዲዝኒ ፕላስ ላይ፣ ማለትም ቤት ተቀምጠው በኢንተርኔት በሚያዩበት የዲዝኒ አገልግሎት ላይ፣ ተለቀቁ። የመጀመሪያው በወረርሽኙ ምክንያት ነው እንበል። ሦስተኛው ሲለቀቅ ግን ሲኒማ ቤቶቹ ተከፍተው ነበር። ወላጁ «አዲሱ የፒክሳር ፊልም ቤቴ ድረስ ይመጣል» ብሎ እንዲለምድ ያደረገው ራሱ ድርጅቱ ነው። ቀጥሎ ወደ ሲኒማ ቤት እንዲመለስ የተመረጠው ማን ነበር? ላይትይር፤ የታወቀውን የፒክሳር ፊልም የቶይ ስቶሪን ስም ተሸክሞ የወጣው። 200 ሚሊዮን ፈጅቶ ወደ 226 ሚሊዮን ብቻ አስገባ። በ2023 ኤለመንታል፣ ሙሉ በሙሉ አዲስ ታሪክ፣ ከ30 ሚሊዮን በታች ተከፍቶ ሰው ለሰው እየነገረው እየተንፏቀቀ 500 ሚሊዮን አፋፍ ደረሰ። የታወቀ ስም ብቻውን አላዳነም፤ አዲሱ ታሪክ ደግሞ ጊዜ ሲሰጠው ሰው አገኘ። በ2025 የወጣውን ኬፖፕ ዲመን ሀንተርስ የሠራው ሶኒ ሥራውን በኢንተርኔት ፊልም ለሚያሳየው ለኔትፍሊክስ አሳልፎ ሰጠው፤ ፊልሙ በኔትፍሊክስ ታሪክ በብዛት የታየው ሆኖ ቁጭ አለ። ልጆች አዲስ አይፈልጉም ያለው ማን ነው?

ሌላው የተሳሳተ ወሬ «ክፍል ሁለት ርካሽ ነው፣ ሥዕሉ ተሠርቶ አልቋል» የሚለው ነው። አይደለም። በኮምፒዩተር የሚሠራ ገጸ ባሕርይ ውስጡ ሪግ የሚባል አጽም አለው፤ አኒማተሩ ቅንድቡንም ጣቱንም የሚያንቀሳቅሰው በዚያ ነው። ሪጉ የተሠራው ለዘመኑ ሶፍትዌር ነው። አምስት ስድስት ዓመት ሲያልፍ ፋይሉ ቢከፈትም የፀጉሩ፣ የጨርቁና የብርሃኑ ሥራ በአዲሱ ፕሮግራም አይነበብም። ኢንክሬደብልስ 2 ከመጀመሪያው 14 ዓመት ዘግይቶ ሲሠራ ገጸ ባሕርያቱ እንደ አዲስ ነው የተገነቡት። ሥራው መጀመሪያ በስቶሪቦርድ፣ ማለትም ትዕይንት በትዕይንት በተደረደረ ሥዕል፣ ይሳላል፤ ሥዕሎቹ ከጊዜያዊ ድምፅ ጋር ተገጣጥመው አኒማቲክ ይሆናሉ፤ አኒማቲኩ ታይቶ ይፈርሳል፤ እንደገና ይሳላል። ታሪክ የሚበስለው እዚህ ላይ ነው፣ እዚህ ላይ ማፍረስም ርካሽ ነው። ከዚያ ሞዴል፣ ሪግ፣ የካሜራ አቀማመጥ፣ እንቅስቃሴ፣ መብራት፣ መጨረሻ ላይ ሬንደር፣ ማለትም ኮምፒዩተሩ ሁሉንም አስልቶ የመጨረሻውን ምስል የሚያወጣበት ሥራ። አንድ ሰከንድ 24 ምስል ስለሆነ 90 ደቂቃ 129,600 ምስል ይሆናል። አንድ አኒማተር በሳምንት የሚጨርሰው ጥቂት ሰከንድ ነው። በ2013 የወጣው ሞንስተርስ ዩኒቨርሲቲ አንዱን ምስል ሬንደር ለማድረግ በአማካይ 29 ሰዓት የኮምፒዩተር ጊዜ እንደፈጀ ተነግሯል። መብራት የተደረገበትን ትዕይንት መልሶ መጣል ማለት የብዙ ሰው የወራት ልፋት መጣል ነው።

እንግዲህ ችግሩ የሚፈጠረው ፊልሙ የሚወጣበት ቀን ከታሪኩ ቀድሞ ሲወሰን ነው። ሚኒየንስ 3 እና ቶይ ስቶሪ 5 ለ2026፣ ሽሬክ 5 እና ፍሮዝን 3 ለ2027 ተብለው ቀን ከተቆረጠላቸው ቆይቷል። አሻንጉሊት ሠሪው፣ የቦርሳ ሠሪውና የብስኩት ማሸጊያው ድርጅት የገጸ ባሕርያቱን መልክ ፊልሙ ከመውጣቱ ከአንድ ዓመት በላይ ቀድመው ይፈልጋሉ። ውል ተፈርሟል፣ ፋብሪካው ተዘጋጅቷል። ስለዚህ አኒማቲኩ «ገና ነው» ቢልም ቀኑ አይነቃነቅም። የሚነቃነቀው ታሪኩ ነው። በመጀመሪያው ፊልም ፍርሃቱን ያሸነፈው ጀግና በሁለተኛው ተመልሶ ይፈራል፤ አስቂኙ አጃቢ ሰዓቱን ይሞላል፤ ክፉው ገጸ ባሕርይ በመጨረሻው ሩብ ላይ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ይከሰታል።

ሞአና 2ን ተመልከቱ። ለዲዝኒ ፕላስ በተከታታይ ክፍሎች እንዲሆን ታስቦ የተጀመረ ሥራ ነበር። በፌብሩዋሪ 2024 «ፊልም ይሆናል» ተባለ፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ሲኒማ ቤት ገባ። አይታችሁት ከሆነ መርከቧ ላይ አዳዲስ ሰዎች ተጭነው ምንም ሳይሆኑ ሲወርዱ፣ አንዱ ጀብዱ ሳይሰክን ሌላው ሲተካ አስተውላችኋል። ለየክፍሉ የታሰበ ታሪክ በአንድ ቁጭታ ሲታጨቅ የሚሆነው ይህ ነው። ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ስላስገባ ግን «ተሳክቷል» ተብሎ ተመዘገበ። ከዚያ ምን ትምህርት ተወሰደ? ቢታጨቅም ይሸጣል የሚል።

የሚያሳዝነው ግን ግማሽ ታሪክ መሸጡ ነው። የሶኒ የስፓይደር-ቨርስ፣ ማለትም የስፓይደርማን አኒሜሽን፣ ሁለተኛ ክፍል በጁን 2023 ወጣና ልክ ጭንቁ ሲጠና ተቋረጠ። ቀጣዩ በማርች 2024 ይወጣል ተብሎ ነበር፤ ከዚያ ከፕሮግራም ወጣ፤ አሁን 2027 ተብሏል። ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ የነበረ መጨረሻውን ሲያይ 12 ይሞላዋል። ሮቢት ወይም ቧንቧ ውኃ ሰፈር ያለ ልጅ ፊልሙ ሲያልቅ «ቀሪውስ?» ብሎ ሲያለቅስ ወላጁ የተበላሸ ፋይል የተጫነለት ይመስለዋል፤ ሱቁ ድረስ ተመልሶ ይጨቃጨቃል። ባለሱቁ ጥፋት የለበትም፤ ፊልሙ ነው እንዲህ ተቆርጦ የተሸጠው። ሥራው እጅግ የሚያምር መሆኑ ብስጭቱን ይጨምረዋል እንጂ አይቀንሰውም። ቢያንስ በርዕሱ ላይ «አያልቅም» ብለው ቢጽፉ ምን ነበረበት?

ስለ ቦርሳው ካነሣሁ፦ መስከረም ሲጠባ ደሴ ገበያ ላይ የሚሰቀሉትን የተማሪ ቦርሳዎች ተመልከቱ፤ ከፍሮዝኗ ኤልሳና ከስፓይደርማን ውጪ ስንት ታያላችሁ? አብዛኛው ፈቃድ የሌለው ቅጂ ስለሆነ ከደሴው ቦርሳ ለስቱዲዮው የሚደርስ ነገር የለም፤ ፈቃዱ በሚከበርበት አገር ግን ትልቁ ገንዘብ ያለው እዚያ ነው። ካርስ የተባለው ፊልም በ2006 በሲኒማ ቤት ያስገባው 460 ሚሊዮን ገደማ ነበር፤ በአምስት ዓመት ውስጥ የአሻንጉሊቱና የዕቃው ሽያጭ ግን ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር እንደደረሰ ተዘግቧል። ካርስ 2 ለምን እንደተሠራ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሠሪዎቹስ? ፒክሳር ኢንሳይድ አውት 2 ሊወጣ አንድ ወር ሲቀረው 14 በመቶ ሠራተኞቹን አሰናብቷል። ቀደም ባለው ዘመንም ቶይ ስቶሪ 2 መጀመሪያ ለቪዲዮ ካሴት ብቻ ታስቦ ነበር፤ ታሪኩ ደካማ መሆኑ ሲታወቅ ቀኑ ሳይገፋ በዘጠኝ ወር እንደገና ተሠራ። ፊልሙ ግሩም ሆኖ ወጣ፤ የስቱዲዮው መሪ የነበረው ኤድ ካትሙል እንደመሰከረው ግን ከሠራተኞቹ ሲሶ ያህሉ ከሥራ ብዛት የመጣ የእጅና የክንድ ሕመም ያዛቸው። ዛሬ ድረስ ያ ዘጠኝ ወር «ይቻላል» ለማለት መጠቀሱ ያናድዳል።

ክፍል ሁለት በራሱ ኃጢአት አይደለም። ፑስ ኢን ቡትስ ከመጀመሪያው 11 ዓመት ቆይቶ በ2022 የወጣው ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ ስለ ሞት የሚያወራ የልጆች ፊልም ነው፣ በሙሉ ልብ የተሠራ። የቻይናው ነ ጃ 2 ከ2019 በኋላ አምስት ዓመት ተለፍቶበት፣ ከመቶ በላይ የቻይና ኩባንያዎች ተካፍለውበት በ2025 ሲወጣ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቦ የዓለም የአኒሜሽን ክብረ ወሰን ወሰደ። ሁለቱም ጊዜ ተሰጥቷቸዋል።

አሁን ወደኛ ልምጣ፤ ይህ ሁሉ ጉድለት ወሎ ሲደርስ እጥፍ ይሆናልና። ክፍል ሁለት የሚቆመው ልጁ ክፍል አንድን ያስታውሳል ብሎ ነው፤ ቀልዱ ግማሹ የድሮውን የሚያስታውስ ነው። እኛ ጋ የመጀመሪያው የማይገኝበት፣ ፋይሉ ላይ ስሙ የተዛባበት፣ ሦስተኛው ቀድሞ የታየበት ብዙ ነው። በዚያ ላይ የቋንቋው ነገር አለ። የፊልም ድምፅ ስቱዲዮ ውስጥ ተለያይቶ ነው የሚቀመጠው፤ ንግግሩ ለብቻ፣ ሙዚቃው ለብቻ፣ የእግር ኮቴውና የነፋሱ ድምፅ ለብቻ። ወደ ሌላ ቋንቋ የሚመልስ ሰው ንግግር የሌለበትን ድምፅ ተቀብሎ የራሱን ተዋንያን ይጨምርበታል። የእኛ ተራኪዎች ይህ አይሰጣቸውም። ስለዚህ በተዋናዩ ድምፅ ላይ ደርበው ይናገራሉ፤ ሲናገሩ ሙዚቃውም አብሮ ዝቅ ይላል። ዘፈን ሲመጣ ዝም ይላሉ፤ በእነዚህ ፊልሞች ደግሞ ታሪኩ የሚዞረው ዘፈኑ ላይ ነው። ልጁ ጀግናዋ ለምን ከቤት እንደወጣች ሳይገባው ያልፋል። ጥፋቱ የተራኪዎቹ አይደለም፤ ባላቸው ነገር የቻሉትን እያደረጉ ነው።

ዲዝኒ ላየን ኪንግን በዙሉ ቋንቋ አሠርቷል። ሞአናን በታሂቲኛና በማኦሪኛ አሠርቷል፤ ደግ አድርጓል። የታሂቲኛ ተናጋሪ መቶ ሺህ አይሞላም። ደቡብ ወሎ ብቻውን በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበረው። ስለዚህ «የአማርኛ ተናጋሪ አነሰ» የሚል ምክንያት አይሠራም፤ ትኬት የሚገዛበትን ገበያ ስላላዩ ነው።

የቴሌቪዥን ጣቢያዎቻችን ኃላፊዎች ይህን ካነበባችሁ ልመናዬ አጭር ነው። የትልልቆቹን ስቱዲዮዎች ዋጋ መክፈል አይቻልም፤ ይገባናል። ፍሎው የሚባል የላትቪያ ፊልም አለ። 3.5 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ነው የፈጀው፤ የተሠራውም ብሌንደር በተባለ፣ ማንም በነፃ አውርዶ በሚጠቀምበት ሶፍትዌር ነው። በማርች 2025 ኢንሳይድ አውት 2ን አሸንፎ ኦስካር ወሰደ። ድመት፣ ውሻ፣ ወፍና ሌሎች እንስሳት በጎርፍ መሃል በአንዲት ጀልባ የሚጓዙበት ታሪክ ነው፤ ከአንድ ሰዓት ተኩል በታች ነው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ቃል አይነገርበትም። ተራኪ አያስፈልገውም፣ ድምፅ ለይቶ የሚልክ ስቱዲዮ አያስፈልገውም፣ ቀድሞ መታየት ያለበት ፊልም የለውም። መብቱን ጠይቁና በበዓል ቀን ጧት አሳዩልን። ወላጆችም አብሽሩ፤ እሱ እስኪሆን ፍላሽ ይዛችሁ ስትሄዱ ስሙን ጽፋችሁ ያዙ።