ዐስር ያለፈበት መጋረጃ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ቁጣዬ እኔንም አይምረኝም። ግን አስቀድሜ ያየሁትን ልንገራችሁ። ካየሁት ወራት አልፈዋል። ይበርድልኛል ብዬ ጠበቅኩ፣ አልበርድ አለኝ።

ባለፈው ሸዕባን ነው። ረመዷን ሊገባ ስለሆነ ባለቤቴ የሳሎኑን መጋረጃ እንቀይር አለችኝ። የመስኮቱን ልክ በብጣሽ ወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። ከሥራ ወጥቼ መርካቶ ወረድኩ። ከአንዋር መስጊድ ብዙም የማይርቅ አንድ የጨርቅ ሱቅ ገባሁ። 11 ሰዓት አልፏል።

ሱቁ ጠባብ ነው። ጣቃው ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ከባለሱቁ ራስ በላይ በወርቃማ ፍሬም የቁርኣኑ አንቀጽ አየተል ኩርሲ ተሰቅሏል። ከጎኑ የካዕባ ሥዕል ያለበት የግድግዳ ሰዓት አለ። ባለሱቁን ሁሉም «ሐጂ» ነው የሚላቸው። ሙስበሃ፣ የዚክር መቁጠሪያ፣ ይዘዋል። ጣታቸው ፍሬውን ይቆጥራል፣ አፋቸው ዋጋ ይናገራል።

አንድ ልጅ አለ። ቢበዛ 18 ዓመት ቢሆነው ነው። አነጋገሩ የወሎ ነው፣ የእኔው አገር ልጅ። ከክፍለ ሀገር የመጣ ነጋዴ ብዙ ጣቃ ገዝቷል። ደጅ አይሱዙ ቆሟል። ያን ሁሉ የሚጭነው ልጁ ብቻውን ነው። ሁለት ሁለት ጣቃ ትከሻው ላይ አድርጎ ይወጣል፣ እየሮጠ ይመለሳል።

በአንዱ ምልልስ መሐል ቆመና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሐጂ፣ ዐስር ሊያልፈኝ ነው» አለ። የከሰዓት በኋላው ሶላት ማለቱ ነው።

«ጫን አልኩህ እኮ!»

«አዛን ካለ ጀምሮ ጫን እያሉኝ ነው። አምስት ደቂቃ ይፍቀዱልኝ። መስጊድም አልሄድ፣ እዚሁ ነው።»

«መኪና አቁሜ? ስትጨርስ ትሰግዳለህ።»

ልጁ በሩ ጋ ሄዶ ወደ ሰማይ አየ። ፀሐይዋ ከፎቆቹ ጀርባ ገብታለች። ከዚያ ያደረገው ከዓይኔ አልጠፋ ብሏል። ከመደርደሪያው ሥር የሃይላንድ ውሃ አነሳ። ደጅ ወጥቶ ውዱእ አደረገ፣ ለሶላት ታጠበ። ሲመለስ እጅጌው እስከ ክርኑ ተጠቅልሏል፣ ከአገጩ ውሃ ይንጠባጠባል። ከጣቃዎቹ ኋላ የታጠፈ ካርቶን አውጥቶ ዘረጋ። ካርቶኑ ላይ ግንባሩ የሚያርፍበት ቦታ ወይቧል። «አላሁ አክበር» አለ።

ሐጂ ተጣሩ። ሶላት ላይ ያለ ሰው አይመልስም። ደግመው ተጣሩ። ሹፌሩ ጡሩምባ ነፋ። ሐጂ ወደ እኛ ዞረው፣ «ሶላት ለእነዚህ ማረፊያ ሆናላቸዋለች» አሉ። ልጁ ያኔ ሱጁድ ላይ ነበር፣ ግንባሩ ካርቶኑ ላይ። ሰምቷል።

ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ አሰላመተ፤ ሶላቱ አለቀ። ገና ከካርቶኑ ሳይነሳ፣ «ና፣ ሂሳብህን ውሰድ» አሉት። ብሩን ከመሳቢያ አውጥተው በአውራ ጣታቸው እያገላበጡ ቆጠሩ። ሙስበሃው ከእጃቸው አንጓ ላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ልጁ አልተከራከረም። ብሩንም መልሶ አልቆጠረም። «ዐስር እኮ ነው ሐጂ» አለ፣ ይኸው ነው። ካርቶኑን አጥፎ ብብቱ ሥር አደረገና ወጣ።

እኔስ? እዚያው ነበርኩ። ከሐጂ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ። «የዛሬ ልጅ!» ብለው ራሳቸውን ሲነቀንቁ እኔም ነቀነቅኩ። ከዚያ፣ «ሐጂ፣ ትንሽ ይቀንሱልኝ» አልኩ። በሜትር 30 ብር ቀነሱልኝ። ደስ አለኝ።

ታክሲ ውስጥ የመግሪብ፣ የፀሐይ መግቢያው ሶላት፣ አዛን ሲሰማ ነው ክው ያልኩት። እኔ ራሴ ዐስርን አልሰገድኩም። አዛኑን ቢሮ ሆኜ ሰምቼዋለሁ፤ «ስወጣ» ብዬ ነበር። ያ ልጅ እንጀራውን ያጣባት ሶላት እኔን ትዝም አላለችኝ። «ዐስር ሊያልፈኝ ነው» ሲል በጆሮዬ ሰምቼ፣ ይሄ ነገር እኔንም ይመለከተኛል ብዬ አላሰብኩም።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ መጋረጃውን ዘርግታ አየችውና ወደደችው። «ዐስርን የት ሰገድክ?» አለችኝ፣ እንዲያው ለጨዋታ ያህል። «እዚያው መርካቶ» አልኳት።

አሁን ስሙኝ። ሐጂ ሶላት አያስፈልግም አላሉም። እንዲያ የሚል ሰው ቢያገኙ ይጣሉታል። ራሳቸውም ይሰግዱ ይሆናል። ለመስጊድ ማሠሪያም ይሰጡ ይሆናል። የኛም ነገር እንዲሁ ነው። ለመስጊድ ምንጣፍ ግዙ ሲሉን እንሽቀዳደማለን። ካርቶን ላይ የሚሰግደውን ልጅ ግን አንታገሠውም።

የአላህ ስም ከአፋችን ጠፍቶ አይደለም። መርካቶን ከላይ እስከ ታች ሂዱ። «ወላሂ አይተርፈኝም።» «ወላሂ በዚሁ ነው የመጣልኝ።» «ቢላሂ ለአንተ ስል ነው።» ይሄ ዚክር፣ አላህን ማውሳት ነው? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መሐላ ዕቃውን ያሸጣል፣ በረካውን ግን ያጠፋል ብለዋል። የሐዲስ ሰብሳቢዎቹ ቡኻሪም ሙስሊምም የዘገቡት ነው። «ኢንሻ አላህ»ንማ ተዉት። ላንመጣ ለቆረጥንበት ቀጠሮ ማሳመሪያ አድርገነዋል። ስሙን ለመሸጥ እንጠራዋለን፣ ከሰው ለማምለጥ እንጠራዋለን። እሱን ለማስታወስ አምስት ደቂቃ ስንጠየቅ ግን መኪና ቆሞብናል!

ያውም ዐስር! በቁርኣን ሱረቱል በቀራህ ላይ አላህ ሶላቶችን ጠብቁ ብሎ የመካከለኛይቱን ለብቻዋ ያነሳታል። ብዙ ዑለማዎች ዐስር ናት ይላሉ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ዐስር ያመለጠው ሰው ቤተሰቡንና ንብረቱን እንደተነጠቀ ነው ብለዋል። ንብረቱን! ለነጋዴ ከዚህ ወዲያ በምን ቋንቋ ይነገረው? እኛ ንብረታችን እንዳይጎድል ብለን ዐስርን እንጥላለን።

«ማረፊያ ሆናላቸዋለች» ያሉት ቃል ሌሊት ሌሊት ይመጣብኛል። መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር። ኋላ ግን አስለቀሰኝ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እኮ፣ «ቢላል ሆይ፣ በሶላት አሳርፈን» ይሉ ነበር። አቡ ዳውድ ዘግቦታል። አዎ፣ ማረፊያ ናት! ቀኑን ሙሉ ጣቃ የተሸከመ ልጅ ግንባሩን መሬት አስነክቶ ቢያርፍ ምን ነውር አለው? ማረፊያዋ የጠፋብን እኛ ነን። ሲደክመን ስልካችንን እናወጣለን፣ እሱም አላሳረፈንም።

ቢላል ሲባል ደረታችንን እንነፋለን። የኛ ነው፣ ሐበሻ ነው፣ የመጀመሪያው ሙአዚን፣ አዛን ጠሪ፣ ነው። እውነት ነው። ግን ቢላል መካ ላይ ምን ነበር? የሰው ባሪያ ነበር። ጌታው ኡመያ ኢብኑ ኸለፍ በጋለ አሸዋ ላይ አጋድሞ ደረቱ ላይ ድንጋይ ሲጭንበት «አሐድ፣ አሐድ» ይል የነበረ ሰው ነው። ሐጂን ከኡመያ ጋር አላወዳድርም፣ አላህ ይጠብቀኝ። የምለው ሌላ ነው። ያን ዕለት በዚያ ሱቅ ውስጥ ቢላልን የሚመስል አንድ ሰው ነበር። እሱን አስወጥተን እኛ ቀረን።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አባቶቻችን አዲስ አበባ ላይ አደባባይ ወጥተው ነበር። እምነታችን ይከበር፣ እንደ ዜጋ እኩል እንታይ ብለው። ክርስቲያን ወገኖችም አብረዋቸው ተሰልፈዋል። ዒዳችን የሕዝብ በዓል የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የነፈገን መንግሥት ነበርና መንግሥትን ጠየቅን። የሱቁ ልጅ ማን ላይ ሰልፍ ይውጣ? የከለከለው ሙስሊም ነው። ቆሞ ያየውም ሙስሊም ነው። ዓረብ አገር እረፍትና እንቅልፍ የሚነፈጉ እህቶቻችንን ነገር ስንሰማ እናለቅሳለን፣ ማልቀስም ይገባናል። እዚህ በእጃችን ላይ ያለውን ሰው ግን አላየነውም።

አባቴ ደሴ፣ ሸዋ በር ልብስ ሰፊ ነበር። በረንዳ ላይ አንድ የሲንጀር መኪና ነበረው፣ ሥራ የሚያለማምዳቸው ሁለት ልጆችም ነበሩ። ሲሰፋ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ልጅ ሆኜ ስፌቱን የሚቆጥር ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ጠጋ ብዬ ስሰማ «አስተግፊሩላህ፣ አስተግፊሩላህ» ነው፣ አላህ ይማረኝ ማለቱ። አዛን ሲል መርፌው ጨርቁ ላይ እንደተተከለ እግሩን ከፔዳሉ ያነሳል። የሚጠብቅ ደንበኛ ካለ፣ «ጨርቁ የትም አይሄድ» ይለዋል። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን አንስቶ ለልጆቹ ውሃ ያፈስላቸዋል። ለሠራተኞቹ፣ በገዛ እጁ! እነሱ ውዱእ ካደረጉ በኋላ ነው ራሱ የሚያደርገው።

ሀብታም አልሆነም። የሰው ዕዳ ይዞም አልሞተም። ሱረቱ አን-ኑር ላይ ንግድም ሆነ ሽያጭ አላህን ከማስታወስ ስለማያዘናጋቸው ሰዎች ተነግሯል። ያችን አያ፣ ያችን የቁርኣን አንቀጽ፣ በሰማሁ ቁጥር የሚታየኝ የአባቴ እግር ነው፣ ከፔዳሉ ሲነሳ።

እኔ የዚያ ሰው ልጅ ነኝ።

ሐጂን ስወቅስ ሰንብቼ አንድ ማታ የገዛ ቤቴን አየሁ። ቤት ውስጥ የምታግዘን ልጅ አለች። ከእኛ ጋር መኖር ከጀመረች ሦስት ዓመት አልፏታል። መግሪብ ሲል እኔና ልጆቼ ሶፍ ሠርተን፣ ተሰልፈን፣ እንሰግዳለን። እሷ ወጥ ላይ ናት። ረመዷንን ሙሉ እኛ ተራዊህ፣ ወደ ረመዷን የሌሊት ሶላት፣ ስንሄድ እሷ ያፈጠርንበትን ዕቃ ታጥባለች። መቼ ትሰግዳለች? የት? አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም። መስገጃ ይኑራት አይኑራት እንኳ አላውቅም። ሐጂ ቢያንስ ልጁ መስገድ እንደሚፈልግ ያውቁ ነበር። እኔ እሷ የምትሰግድ ሰው መሆኗን ረስቻለሁ። ነገ አላህ ፊት ከሐጂ ጋር ብንቆም የማንኛችን እንደሚከብድ እንጃ።

ለባለቤቴ እውነቱን ነገርኳት። ስለዋሸኋት አልተቆጣችም። ስለ ልጁ ነው የተቆጣችው። «አባትህን ረሳህ» አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

እና እባካችሁ። ሱቅ ያላችሁ፣ ጋራዥ ያላችሁ፣ ምግብ ቤት ያላችሁ፣ ቤታችሁ ሰው የምታሠሩ። አዛን ሲል ልጁ እስኪለምናችሁ አትጠብቁ። ቀድማችሁ «ሂድ» በሉት። ቢቻላችሁ አብራችሁት ሂዱ። «ወላሂ»ን ከገበያ አንሱልን። ጨርቅ ስትለኩ፣ መኪና ስትነዱ፣ ወረፋ ስትጠብቁ ምላሳችሁ ሥራ የለውም። «ሱብሓነላሂ ወቢሐምዲሂ» ብሎ አላህን ለማወደስ ሱቅ መዝጋት አያስፈልግም። ትሰሙኛላችሁ ብዬ አልመካም። እኔም ይሄን ሁሉ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ኖሬ አልሰማሁም።

ወደ ሱቁ ሁለት ጊዜ ተመልሼ ነበር። ልጁ የለም። የት እንደገባ የሚያውቅም አላገኘሁም። በሁለተኛው ቀን ሐጂን፣ «ያን ዕለት እኔም ዐስርን አልሰገድኩም ነበር» አልኳቸው። ምን ለማለት እንደፈለግኩ የገባቸው መሰለኝ። ሙስበሃው እጃቸው ላይ ቆመ። ብዙ ዝም አሉና ሻይ አዘዙልኝ። ጠጣን። የልጁን ነገር ማናችንም አላነሳነውም።

ባለፈው ሰኞ መግሪብ ሲል ማዕድ ቤት ገባሁ። ልጅቷ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። «ቢላዋውን ስጪኝና ሂጂ ስገጂ» አልኳት። ያጠፋችው ነገር ያለ መሰላት። «ቆይ ጋሼ፣ ይቺን ልጨርስና» አለች። «ሂጂ» አልኳት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ሄደች። ልጆቼ ሳሎን እየጠበቁኝ ሽንኩርቱን ከተፍኩ። ገና አንዱን ሳልጨርስ ተመልሳ መጣች። ውዱእና ሦስት ረከዓ በዚያ ፍጥነት! ፊቷ ላይ ያለው ውሃ አልደረቀም። ቢላዋውን እንድሰጣት እጇን ዘረጋች። ነገ ትንሽ ትቆይ ይሆናል።