ኧረ በፈጠራችሁ ሎሚውን ለኩት!

የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ድረስ ሲዘልቅ፣ ሰው ማታ ቤቱ ቁጭ ብሎ አንድ ጅን ሳወር (ጅን ከሎሚና ከስኳር ጋር የሚናጥበት መጠጥ) ልሥራ ቢል አይፈረድበትም። የሚያንገበግበው አሠራሩ ነው። ቪዲዮ የሚለቀው ሁሉ «ጅን ቀዱ፣ ሎሚ ጠብ አድርጉ፣ ስኳር ጣል አድርጉ፣ በቃ ናጡት!» ብሎ ውልቅ ይላል። ጠብ ስንት ነው? ጣል ስንት ነው? ወጥ መሰላችሁ እንዴ በዓይን የምትመጥኑት? ወጥስ ጨው ሲበዛበት ውሃ ጠብ ይደረግበታል። ይሄ ውሃ ከገባበት አለቀለት።

የሎሚውን ጉድ እናንሳ። የፈረንጅ አሠራር ተርጉማችሁ «30 ሚሊ ሎሚ» ስትሉ፣ እነሱ የሚያወሩት ስለዚያ ትልቅ፣ ቢጫ፣ ወፍራም ቅርፊት ስላለው ሎሚ ነው። ከቆላው ወጥቶ ገበያችን የሚደርሰው ትንሹ፣ ስስ ቅርፊት ያለው፣ ፍሬ የሞላበት ሎሚ ሌላ ዘር ነው። ፈረንጆቹ «ላይም» (lime) የሚሉት እሱን ነው። ይበልጥ ይኮመጥጣል፣ ከኋላውም መረር ይላል። ስለዚህ ለ60 ሚሊ ጅን 22 ሚሊ ሎሚ፣ 22 ሚሊ የስኳር ሽሮፕ፣ የአንድ ዕንቁላል ነጩን። አለቀ። 30 ሚሊ ከትታችሁ ፊታችሁ ሲጨማደድ ጅኑን አትስደቡት።

«በብርቱካን ይተካል» ባዮች ደግሞ አላችሁ። አይተካም! የብርቱካን ኮምጣጣነት ከሎሚው በብዙ እጥፍ ያንሳል፤ ብቻውን ከገባ የሚወጣው ጅን የነካው ጁስ ነው። ሽታውን ከወደዳችሁት 15 ሚሊ ብርቱካን በሎሚው ላይ ጨምሩና ሽሮፑን ወደ 18 አውርዱት።

ጓዳ ያደረ ሎሚ ደግሞ በዚህ ብርድ ድንጋይ ነው። እንዲያው ቆርጣችሁ ብትታገሉት ሁለት ጠብታ ሰጥቷችሁ ይቀራል። እጅ በሚችለው ሙቅ ውሃ አምስት ደቂቃ ንከሩት፣ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ በመዳፍ ጫን እያላችሁ አንከባሉት። ከአንዱ አንድ የሾርባ ማንኪያ ከወጣ ጥሩ ነው፤ ሁለት ሎሚ ያዙ። ፍሬው እስኪደቅ፣ ቅርፊቱ እስኪያለቅስ አትጭመቁት፤ ምሬቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። በሻይ ማጥለያ አጥልላችሁ በዕለቱ ጨርሱት። ያደረ ጭማቂ ጣዕሙ ሌላ ነው።

«በምን ልለካ?» ለሚል፣ በመለኪያ እንዳትሉት። መለኪያ የተባለው የአረቄ ብርጭቆ ራሱ ልኩ ከቤት ቤት ይለያያል፤ ስሙን ማን እንዳወጣለት እንጃ። ፋርማሲ ሄዳችሁ መርፌ የሌለው ባለ 10 ሚሊ ስሪንጅ ግዙ። የልጆች ሽሮፕ ላይ የሚመጣው መስመር ያለበት ክዳንም ይሠራል፣ እጠቡት ብቻ።

ስኳሩን ደረቁን ጅን ውስጥ የምትበትኑ፣ ታች ዘቅጦ ሲቀር ማንን ታማላችሁ? ቀዝቃዛ አልኮል ስኳር በቀላሉ አያሟሟም። አንድ ስኒ ስኳር በአንድ ስኒ ሙቅ ውሃ አማስሉት፣ ጥርት ሲል አቀዝቅዙት። መንፈቅፈቅ አያስፈልገውም። ማር ከመረጣችሁ ሁለት እጅ ማር በአንድ እጅ ሙቅ ውሃ አቅጥኑት፤ እንዲሁ ከጨመራችሁት በረዶው ላይ ተጋግሮ ይቀራል።

አሁን ከዕንቁላሉ ነጭ ወደሚነሳው አረፋ። ሼከር (የመጠጥ መናጫ ዕቃ) ከሌለ አፈ ሰፊ የማርማላታ ብልቃጥ ከነክዳኑ ይበቃል። ግን እባካችሁ ትናንት የሸኖ ቅቤ የነበረበትን አይሁን! ቅባት የአረፋ ጠላት ነው፤ ቅንጣት የምታህል ቅቤ ወይም አንዲት ጠብታ አስኳል ነጩ እንዳይነሳ ታደርገዋለች። ብልቃጡን በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡ፣ ዕንቁላሉን ለብቻው ስኒ ላይ ሰብራችሁ ለዩት። ያልተሰነጠቀ፣ ትኩስ ዕንቁላል ይሁን፤ «አልኮሉ ያበስለዋል» የሚሉትን ወሬ አትመኑ። መጀመሪያ ያለ በረዶ 15 ሰከንድ አጥብቃችሁ ናጡ። ክዳኑ እንዳያመልጥ በሁለት እጅ ያዙት፣ አለበለዚያ ግድግዳው ይጠጣላችኋል። ከዚያ በረዶ ጨምራችሁ ብልቃጡ ከውጭ ጤዛ እስኪይዝና እጅ እስኪያቃጥል ሌላ 12 ሰከንድ ገደማ። ሁለቱን አንድ ላይ ልናጥ ያለ ሰው አረፋው ሳሳ ብሎ አያማርር፤ ነጩ በቅዝቃዜ ቶሎ አይነሳም። በማጥለያው አጥልላችሁ ቅዱ፣ ግማሽ ደቂቃ ተዉት፣ አረፋው ለብቻው ከላይ ይቀመጣል።

ለጾም ቀን ያለ ዕንቁላል የሚፈልግ፣ ጨው ያልገባበት የሽምብራ ቅቅል ውሃ 30 ሚሊ ያድርግበት። ወፈር እስኪል ይትነን፣ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ እንደ ነጩ ይነሳል። የምንጃር ሰው ይሄን ውሃ ዕድሜ ልኩን ሲደፋ ኖሯል!

በረዶው ፌስታል ውስጥ ተሰባብሮ፣ መብራት ሄዶ ቀልጦ ደግሞ የረጋ ከሆነ ግን ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። ትንንሹ ቶሎ ይቀልጣል፣ ውሃ ያበዛል። ትልልቁን አርጉት፣ ከሥጋው አጠገብም ሳይታሰር አይደር፤ ሽታ ይስባል።

«ጅን ከሌለ በደብረ ብርሃን አረቄ አድርገው» ያልከው ወንድሜ፣ አረቄውን አከብራለሁ፤ ዳግሙም ዳግም ነው። ግን ጌሾው ሎሚውን ይጣላዋል፣ ጥንካሬውም ከእትዬ እከሌ ቤት እስከ እከሊት ቤት ይለያያል፣ ልኬቱ ይፈርሳል። «ጅን የጥድ ፍሬ ነው፣ ወፍ ዋሻ ጫካ ሞልቶ የለም እንዴ» ያልሽውም፣ የጅኑ ጥድና የእኛ ጥድ ዘራቸው ለየቅል ነው። ተይው፣ ዛፉ ላይ ይቀመጥ።

ቀድታችሁ ዕንቁላል ዕንቁላል ከሸተተ፣ ከሎሚው ቅርፊት አረንጓዴውን ብቻ በስሱ ላጡና አረፋው ላይ ጭምቅ አድርጉ። ዘይቱ ፍንጥቅ ሲል ሽታው ይጠፋል። ነጩን አብራችሁ አትላጡ፣ መራራ ነው።

«ይሄ ሁሉ ድካም ከሚሆን ስፕራይት ሙላበት» ላላችሁት፣ ሙሉበት። ስሙ ግን ጅን በስፕራይት ነው።