ሰሙ በገና፣ ወርቁ ሶፋ

ሰሞኑን አንድ የኤፍ ኤም ጣቢያ እሑድ ማታ የሚያስደምጠውን የግማሽ ሰዓት የመሣሪያ ሙዚቃ ወደ 10 ደቂቃ አወረደው። ምክንያቱ «የአድማጭን ፍላጎት ለማርካት» ነው ተባለ። ረካን። ከዚህ በላይ ብንረካ ያመን ነበር።

ነገር የማይገባቸው ሰዎች ሙዚቃው ተቀነሰ እያሉ ያጉረመርማሉ። ኧረ አልተቀነሰም! ከማለዳ እስከ እኩለ ሌሊት ክራሩም፣ ማሲንቆውም፣ ዋሽንቱም፣ ሳክስፎኑም አየር ላይ ናቸው። የተቀየረው ቦታቸው ብቻ ነው። ድሮ ከላይ ነበሩ፣ ዛሬ ከስር ናቸው፦ ከዜናው ስር፣ ከኮከብ ቆጠራው ስር፣ ከሪል እስቴቱ ስር። ሙዚቃን ያለ ማቋረጥ እያሰሙ ማንም እንዳይሰማው ማድረግ ቀላል ሙያ አይደለም፤ ለባለሙያዎቹ ምስጋና ይድረስ።

እንግሊዞች ይህን ጥበብ አልቻሉበትም። የሕዝብ ማሰራጫቸው ቢቢሲ በ2023 እ.ኤ.አ. መጋቢት ላይ፣ ከ1924 ጀምሮ የኖረውን የመዘምራን ቡድን እዘጋለሁ፣ ከኦርኬስትራዎቼም የሥራ መደብ 20 በመቶ ያህል እቀንሳለሁ ብሎ በአደባባይ ተናገረ። ሰው ሰማ፣ ተቆጣ፣ ፊርማ አሰባሰበ፤ ወሩ ሳያልቅ የመዘምራኑ መዘጋት እንዲቆይ ተደረገ። የዋሆች! የእኛዎቹ መቼ እንዲህ ይሞኛሉ? ያልታወጀን ነገር ማን ይቃወማል? «ከስር አድርገው» ለሚል የቃል ትእዛዝ ፊርማ አይሰበሰብም።

በነገራችን ላይ «ክላሲካል» የሚለውን ቃል ከፈረንጅ ምርኮ ያስለቀቁትም የእኛዎቹ ናቸው። ቃል የሌለው ሁሉ ክላሲካል ነው። ዘፋኙ ስቱዲዮ ሳይመጣ ከቀረ ክላሲካል ነው። የቤቶቨን ሲምፎኒም ክላሲካል፣ በኪቦርድ የተመታ የሠርግ ዘፈንም ክላሲካል። እንዲህ ያለ እኩልነት በሌላ መስክ አላየንም።

ድልድላቸውም ልክ አለው። የማዳበሪያ ዜና ያለ ዋሽንት አይነበብም። ዋሽንት ነፊ ቀዳዳው አራት ስለሆነና አንዱ ዋሽንት ለሁሉም ድምፅ ስለማይበቃው፣ ርዝመታቸው የተለያየ ብዙ ዋሽንቶች ይዞ ይዞራል፤ ጣቢያው ግን አንዷን ቅጂ ለዩሪያም ለምርጥ ዘርም ያብቃቃታል። የበዓል ቅቤ ዋጋ ማሲንቆ ይሰጠዋል። ጉብኝት ከሆነ ክራር። የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ፒያኖ ደግሞ ለፍቅር ደብዳቤ ንባብ ተመድቧል። በምንኩስና ኖረው በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ያረፉ እናት ያቀናበሩት ዜማ «ውዴ ሆይ፣ ስልክሽን ለምን አታነሺም» ለሚል ደብዳቤ ትራስ ሆኖ ያገለግላል። እማሆይ ሲጫወቱ እጃቸው በምት አይታሰርም፤ ይዘገያል፣ ይጠብቃል፣ ዝም ይላል። አንባቢው ያቺን ዝምታ ባገኛት ቁጥር «ውዴ ሆይ»ን ይሰካባታል።

የሁሉም አክሊል ግን በገናው ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ብንቆይ አይፈረድብንም።

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የሶፋ ነጋዴም በጾም ይነግዳል። ጾሙ ሲገባ ሳክስፎኑ ይወርድና በገናው ከሶፋው ስር ይገባል። በገና አሥር አውታር አለው፣ ከበግ አንጀት የተፈተለ። ገበቴ ከሚባለው የድምፅ ሳጥኑ ቆዳ ላይ፣ አውታሮቹን ደግፎ የሚይዝ በርኩማ ይቆማል፤ በእያንዳንዱ አውታርና በበርኩማው መሐል እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። ያ የሚነዝረው፣ ሆድ የሚያባባው ድምፅ የሚመጣው ከእሷ ነው። በጣም ከገባች አውታሩ ይታፈናል፤ ካነሰች አይነዝርም። ስለዚህ ደርዳሪው አሥሩንም አውታር እየነካ እንዚራዋን በፀጉር ስፋት ይገፋል፣ ይመልሳል። ከተቃኘም በኋላ ወዲያው አይዘምርም፤ መጀመሪያ በጣቱ ብቻ እየደረደረ ቅኝቱን ይፈትናል፣ ልቡን ይሰበስባል።

የማስታወቂያ ሠሪው ሊቅነት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። መግቢያው ድርደራ ቃል የለውማ! ቃል ከሌለው ከሶፋው ጋር አይጋጭም። ስለዚህ የደርዳሪው ድምፅ ሊገባ ሲል ይቆርጠዋል። ሀገሩ በሙሉ መግቢያውን ሺህ ጊዜ ሰምቷል፤ ዜማው ምን እንደሚል ግን የሚያውቅ የለም። ምን ይላል መሰላችሁ? ዓለም ከንቱ ናት፣ ገንዘብ አላፊ ነው፣ ሞት ደጅ ነው። መቆረጡ ደግ ነው እንጂ፣ «በልዩ ቅናሽ፣ ኤል ሼፕ ሶፋ» ከሚለው ጋር ተደማምጠው ቢሆን ነጋዴው ምን ይል ነበር? ሰምና ወርቅ የሚባለው ይኸው ነው፦ ሰሙ በገና፣ ወርቁ ሶፋ። ዓለም ከንቱ ናት፤ ሶፋው ግን የሁለት ዓመት ዋስትና አለው።

ሥራው ገና አላለቀም። የተቆረጠው ድርደራ 12 ሰከንድ ነው፣ ማስታወቂያው 48 ሰከንድ። አራት ጊዜ ገልብጦ መቀጠል ነው። የበገና ወፍራም አውታር ግን አንዴ ከተነካ በኋላ ድምፁ ለረጅም ጊዜ ይጎተታል። መቁረጫው የሚያርፈው አውታሩ ገና እየነዘረ ሳለ ነው፤ የድምፁ ጭራ ይቀነጠስና ቀጣዩ ከራሱ ይጀምራል። እያንዳንዱን ቅጂ ተነባብሮ እንዲያልፍ ሁለት ሰከንድ መስጠት ችግሩን ይፈታው ነበር፤ ማን ጊዜ አለው? በዚህ የተነሳ በገናው በየ12 ሰከንዱ ስቅ ይለዋል።

ቀጥሎ ደንበኛው ይደውላል። «ድምፁ ይነዝራል፣ ስፒከሬ የተቀደደ ይመስላል፣ አጽዱልኝ» ይላል። ይጸዳል። ቴክኒሻኑ ኢኳላይዘሩን፣ ቀጭንና ወፍራም ድምፅ የሚለይበትን ማስተካከያ፣ ይከፍትና የንዝረቱን ቀጫጭን ድምፅ ይላጨዋል። የቀረው ወፍራሙ ነው፤ ወፍራሙን ደግሞ የእጅ ስልክ ትንሽ ስፒከር ከነጭራሹ አያወጣውም። በስልኩ ሬዲዮ የሚሰማ ሰው ያ ሁሉ የበግ አንጀት፣ ያ ሁሉ እንዚራ ገፍቶ መመለስ ተጣርቶ አንድ ነገር ብቻ ይደርሰዋል፦ ሶፋው። በመጨረሻም ማይክ ሲከፈት ሙዚቃውን በራሱ የሚደፍቀው መሣሪያ ይጨመራል። 15 ዴሲቤል ቢደፍቅ ኃይሉ ወደ ሠላሳኛው ገደማ ይወርዳል። መልሶ የሚለቅበት ጊዜ በጣም ካጠረ፣ ተናጋሪው ትንፋሽ በወሰደ ቁጥር በገናው ብቅ ይልና ተመልሶ ይሰምጣል፤ ዋና የማይችል ሰው ወንዝ ውስጥ እንደገባ።

ስቅ ያለው ሰው «ማን አነሳኝ?» ይላል በሀገራችን። ይህን ደርዳሪ ግን ስቅ እያለውም የሚያነሳው የለም። እዚህ ላይ ቀልዱ ይብቃን። የሰውን ዜማ ቆርጦ፣ ገልብጦ፣ ላጭቶ፣ ሸጦበት ሲያበቃ ስሙን አለመጥራት ነውር ነው። የሰው ስም መጥራት 3 ሰከንድ ይፈጃል! የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ስንት ዓመቱ ነው? የሶፋው ነጋዴ ከፍሏል፣ ድምፁን ያዋሰው አንባቢ ተከፍሎታል፣ ቆራጩ ደመወዝ አለው፤ ዓመታት ተቀምጦ በገና የተማረው ሰው ብቻ እንደ ዝናብ ከሰማይ የወረደ ይመስል በነፃ ይቀዳል። ከዚያ ደግሞ ደፍረው «የባህል ሙዚቃችን አድማጭ አጣ» ይላሉ። አድማጭ አላጣም፤ አፍናችሁት ነው!

ወደ ምስጋናችን እንመለስ። የተረፈችው የእሑዷ 10 ደቂቃ 600 ሰከንድ ናት፤ አያያዟን ማድነቅ ይገባል። የመክፈቻ ጂንግል 40 ሰከንድ። ሰላምታና የአየር ጠባይ 70። የአጋር ድርጅቶች ዝርዝር 65። የአጭር መልእክት ቁጥር፣ እንዳይረሳ ሦስት ጊዜ፣ 50። ማስታወቂያ 90። ስንብት 75። የአድማጭ ስልክ 120። የቀሩት 90 ሰከንዶች ለሙዚቃው ናቸው። ከእነሱ የመጀመሪያዎቹ 20 ውስጥ አዘጋጁ «እስኪ አብረን በጥሞና እናድምጥ፣ ልብን የሚያረጋጋ፣ መንፈስን የሚያድስ» እያለ ያረጋጋናል፤ የመጨረሻዎቹ 15 ውስጥ ሙዚቃው ቀስ እያለ ይሟሟል። 55 ሰከንድ ንጹሕ ሙዚቃ! በዚህ ሰዓት ውስጥ ደርዳሪው አንዷን እንዚራ እንኳ አስተካክሎ አይጨርስም።

የአድማጭ ስልክ ሲባል ደግሞ ሌላ ጥበብ ነው። ደዋዩ ከሬዲዮው አጠገብ ሆኖ ከደወለ የሬዲዮው ድምፅ በስልኩ ተመልሶ ይገባና ይጮኻል። ስለዚህ በሳምንት አንዴ በምትመጣው የሙዚቃ ሰዓት፣ ሙዚቃ ፈልጎ ለደወለ ሰው የሚሰጠው የመጀመሪያ መመሪያ ይህ ነው፦

«ሄሎ፣ ሄሎ፣ ሬዲዮዎን ይቀንሱልን።»

«ቀነስኩት ልጄ።»

«እንደምን አመሹ እማማ፣ ከየት ነው?»

«ከመርካቶ ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ እናንተ ደህና ናችሁ?»

«ደህና ነን። ምን ይመርጣሉ?»

«ያቺን ከስር ያለችዋን።»

«የቷን?»

«ይቺን አሁን ስናወራ የምትሰማዋን። ትንሽ ዝም በልና አሰማኝ።»

«እሷማ ማጀቢያ ናት እማማ፣ ሙዚቃ አይደለችም። ሌላ ይምረጡ።»